ከዜብራ ውጭ የሚሻገር ሰው፦ ተማሪዎች ስለሚሠሯቸው ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖችና ስለ ውድድር ሕጎቻቸው

(በደምበል አካባቢ ለተማሪዎችና ለኅብረተሰቡ የቀረበ ገለጻ፤ ከቃል ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ የምሕንድስና ተማሪዎች ለሮቦቲክስ ውድድር የሚሠሯቸው ራሳቸውን የሚነዱ መኪኖች ናቸው። ወደዚህ የመጣችሁት ከመስቀል አደባባይ ወይም ከኦሎምፒያ በኩል ከሆነ በደምበል ሕንፃ ፊት አልፋችኋል፤ ስለዚህ የጉዳዩን ከባድ ክፍል በዓይናችሁ አይታችኋል ማለት ነው። ታክሲው ያለ ምልክት ይቆማል። ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር መንገድ ይለምናል። አንዲት እናት ልጃቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ የሌላውን እጃቸውን መዳፍ ወደ መኪናው ዘርግተው፣ ዜብራ በሌለበት ይሻገራሉ፤ ሾፌሩም ይቆምላቸዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጻፈው ሕግ ጥቂት ነው፤ መግባባት ግን አለ። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ፣ ተማሪዎቻችን ትንሿን መኪናቸውን በሚያወዳድሩበት ሜዳ ላይ እኚህ እናት የት አሉ የሚል ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ራሷን የምትነዳ መኪና የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። በ1980ዎቹ (በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ሙኒክ ፕሮፌሰር ኤርንስት ዲክማንስና ተማሪዎቻቸው አንድ ከባድ የመርሴዲስ ቫን ካሜራና ኮምፒዩተር ጭነውበት፣ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አድርገው ነበር። በ1989 ደግሞ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ዲን ፖመርሎ የተባለ ተመራማሪ የሰው ሾፌርን እያየ መሪ ማዞር የሚማር የነርቭ መረብ አሳየ። ዛሬ ተማሪዎቻችን እንደ አዲስ ነገር የሚያወሩለት «ከካሜራ በቀጥታ ወደ መሪ» የሚለው ዘዴ ከአብዛኞቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል።

ሕዝብ ያወቀው ግን በውድድር ነው። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ መጋቢት 2004 በሞሃቪ በረሃ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ አዘጋጅቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ። 15 ተሽከርካሪዎች ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ። አንዱም አልጨረሰም። ከሁሉ የበለጠችው የካርኔጊ ሜለን ተማሪዎች መኪና 12 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሞላ ኩርባ ላይ ከመንገድ ወጥታ ተንጠለጠለች። በማግሥቱ ጋዜጦች ተሳለቁ። የሚደንቀው የሚቀጥለው ነው፤ በጥቅምት 2005 ውድድሩ ሲደገም አምስት ተሽከርካሪዎች 212 ኪሎ ሜትሩን ጨረሱ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ «ስታንሊ» ከ7 ሰዓት በትንሹ ባነሰ ጊዜ ቀድማ ገባች፤ የካርኔጊ ሜለን ሁለት መኪኖች ደግሞ በደቂቃዎች ልዩነት ተከተሏት።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እንዲሰሙልኝ የምፈልገው አንድ ታሪክ አለ። ሦስተኛ የወጣችው «ሃይላንደር» እስከ ውድድሩ አጋማሽ ትመራ ነበር። ከዚያ ሞተሯ ኃይል ማጣት ጀመረ፤ ዳገት አልወጣ አለች፤ በስታንሊም ተቀደመች። ምክንያቱ ለ12 ዓመታት አልታወቀም። በ2017 የቀድሞዎቹ የቡድኑ አባላት መኪናዋን ከበው ሲጫወቱ፣ አንዱ በአጋጣሚ በሞተሩ መቆጣጠሪያና በነዳጅ መርጫው መካከል ያለችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ቢነካት ሞተሩ ደከመ። የሁለት ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት የወሰደችው ስልተ ቀመር ሳትሆን የላላች ሽቦ ብጤ ነበረች ማለት ነው። ኮድ የሚጽፉ ልጆች ብየዳ የሚበይዱትን ልጆች ዝቅ አድርገው እንዳያዩ ይህን በየዓመቱ እደግምላቸዋለሁ።

ሦስተኛው ውድድር በኅዳር 2007 ከበረሃ ወደ ከተማ ገባ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጋ የአየር ኃይል ሰፈር ተካሄደ። መኪኖቹ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተራ መጠበቅ፣ መቅደም፣ መቆም ነበረባቸው። ካርኔጊ ሜለን አሸነፈች፤ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምና የኮርኔል መኪኖች ደግሞ በዝግታ እየሄዱ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ከዚህ ትውልድ የወጡት ወጣቶች ከሁለት ዓመት በኋላ የጎግልን ፕሮጀክት ጀመሩ፤ የዛሬው ዌይሞ ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ልብ በሉ። የ2007ቱ ውድድር «የከተማ» ተባለ እንጂ በሜዳው ላይ እግረኛ አልነበረም። የትራፊክ መብራትም አልነበረም። አዘጋጆቹን አልወቅስም፤ በዚያ የዕውቀት ደረጃ ሕያው ሰው ፊቷ ማቆም ወንጀል ይሆን ነበር። ነገር ግን አንድ ሙያ ገና በልጅነቱ «ከተማ» የሚለውን ቃል ሰው ከሌለበት ቦታ ጋር አጣምሮ ሲማር፣ ልማዱ የት ድረስ እንደሚከተለው ማሰብ ተገቢ ነው።

መጋቢት 18 ቀን 2018 ሌሊት በአሪዞና ግዛት ቴምፒ ከተማ ኢሌን ኸርዝበርግ የተባሉ የ49 ዓመት ሴት ብስክሌታቸውን እየገፉ መንገድ ሲሻገሩ የኡበር የሙከራ መኪና ገጭታ ገደለቻቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርቱን ለሕዝብ አውጥቷል፤ እያንዳንዱ የምሕንድስና ተማሪ ሊያነበው ይገባል። ሪፖርቱ ቅድሚያ ተጠያቂ ያደረገው መኪናዋን እንድትቆጣጠር የተመደበችውንና ዓይኗን ከመንገድ አንሥታ ስልኳን ታይ የነበረችውን ሠራተኛ ነው። ይህን መዝለል ፍትሐዊ አይሆንም። ለእኛ ሙያ ግን ሌላው ግኝት ይከብዳል። መኪናዋ ሴትየዋን ያየቻቸው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት ነው። በዚያ ፍጥነት ይህ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን በ30 ሜትር ገደማ ያቆማታል። ታዲያ ለምን አልቆመችም? ሶፍትዌሩ አንድ ጊዜ «ተሽከርካሪ»፣ አንድ ጊዜ «ሌላ ነገር»፣ አንድ ጊዜ «ብስክሌት» እያለ ስም ይለዋውጥላቸው ነበር፤ ስም በለወጠ ቁጥርም ቀደም ሲል የሄዱበትን አቅጣጫ ይረሳ ነበር። ለምን «እግረኛ» አላላቸውም? ከዜብራ ውጭ የሚሻገር እግረኛ ሊኖር እንደሚችል በሥርዓቱ ንድፍ ውስጥ አልታሰበምና።

በአንድ የኮድ ፋይል ውስጥ፣ እግረኛ ማለት የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ያለ ሰው ማለት ነበር። በዚህ ትርጉም ከሄድን፣ በደምበል ፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚሻገረው ሕዝብ ስንቱ ሰው ይሆን?

ይህ የሩቅ ጊዜ ጥያቄ የሚመስለው ካለ ይታገሠኝ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በምትካቸው ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከመስመር ሲወጡ መሪ የሚመልሱ፣ እንቅፋት ሲያዩ ራሳቸው ፍሬን የሚይዙ ናቸው። ማለትም ሌላ አገር ተሠርቶ፣ የሌላ አገር መንገድ ተምሮ የመጣ ግማሽ ሾፌር ዛሬውኑ በቦሌ መንገድ ላይ እየተጓዘ ነው። ያንን ግማሽ ሾፌር መመርመር፣ መፈተን፣ አስፈላጊ ሲሆንም «ለዚህ መንገድ አትሆንም» ማለት የሚችል ባለሙያ ያስፈልገናል። እኔ የተማሪዎችን ውድድር የምደግፈው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው፤ መኪና አምርተን እንሸጣለን ብዬ አይደለም።

ወደ ትንንሾቹ መኪኖች ልመለስ። ዛሬ በዓለም ተማሪዎች በብዛት የሚወዳደሩት ከእውነተኛ መኪና አሥር እጥፍ በሚያንሱ መኪኖች ነው። የጀርመኑ የብራውንሽቫይግ ዩኒቨርሲቲ በ2008 «ካሮሎ ካፕ» የተባለ ውድድር ጀመረ። ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው «ኤፍ ዋን ቴንዝ» ደግሞ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የሁለተኛው ዋና ዳሳሽ ላይዳር ነው፤ በዙሪያዋ 270 ዲግሪ የሌዘር ጨረር እየላከች ርቀት የምትለካ ትንሽ ዕቃ። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚማሩት ዘዴ «ክፍተቱን ተከተል» ይባላል። መኪናዋ ከሁሉ ቅርብ የሆነውን ነጥብ ትፈልጋለች፤ በዙሪያው «አይነካም» የሚባል ክብ ትሥላለች፤ ከቀረው ውስጥ ሰፊውን ክፍተት መርጣ መሪዋን ወደዚያ ታዞራለች። ከዚህ በላይ አይደለም፤ ሐሳቡ በጥቂት መስመር ኮድ ይጻፋል። በሰፊ የእሁድ ገበያ ውስጥ ሸክም ይዞ የሚያልፍ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ጊዜ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ትንሿ መኪና በሰከንድ 4 ሜትር ትሄዳለች እንበል። ካሜራው ምስል ካነሣበት ቅጽበት አንሥቶ መሪው እስኪዞር የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢወስድ፣ መኪናዋ 40 ሴንቲ ሜትር ዓይኗን ጨፍና ሄደች ማለት ነው። ይህ ከራሷ ርዝመት ብዙ አያንስም። ተማሪ ይህን በቀመር ሲማር ይስማማል፤ መኪናው ግድግዳ ገጭታ መሪ ስትሰብርበት ግን ያምናል። ላይዳርም የራሷ ጠባይ አላት፤ መስታወት ብዙ ጊዜ አይታያትም፤ ጨረሩ ያልፋል ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የሕንፃዎቹን ምድር ቤት ብታዩ፣ ይህች መኪና ስንቱን ሱቅ ባዶ መንገድ እንደምትለው ትገምታላችሁ።

በእነዚህ ሁሉ መካከል እኔን በጣም የሚማርከኝ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2016 የጀመረው «ዳኪታውን» ነው። ርካሽ ኮምፒዩተርና አንዲት ካሜራ ያላቸው ትንንሽ መኪኖች በትንሽ ከተማ ውስጥ ይዞራሉ፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ቢጫ የላስቲክ ዳክዬዎች ናቸው። ሰው ያስቃል፤ እኔንም አስቆኛል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ነዋሪ አለ። የሚገጭ ነገር አለ። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንገዱ የመኪናው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስለ ውድድር የደረስኩበት እምነት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ተማሪ የሚማረው በመማሪያ መጽሐፉ የተጻፈውን ሳይሆን በውድድሩ የነጥብ ሠንጠረዥ የተጻፈውን ነው። ሠንጠረዡ ፍጥነትን ብቻ ከሸለመ ፈጣን መኪና እናገኛለን። ነጭ መስመር በጥቁር ወለል ላይ አስምረን መስመር የሚከተለውን ከሸለምን፣ ቀለሙ በክረምት ዝናብ የተፋቀበት መንገድ ላይ የሚደነዝዝ መሐንዲስ እናፈራለን። የውጭ አገር ሕግ ገልብጠን ማወዳደር ቀላል ነው፤ ለጀማሪም ክፋት የለውም። የሌላ ሰው ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት ማምጣት ግን የራስን ጥያቄ መመለስ አይደለም።

የእኛ ሜዳ ምን ይምሰል? ዕቃው ብዙ አይደለም። ጥቂት ኮምፔርሳቶ፣ ነጭ ፕላስተር፣ ጥቁር ቀለም። መስመሩ እንደ መንገዳችን እዚህም እዚያም ይቆረጥ። የሜዳው ቅርጽ በውድድሩ ጠዋት ይለወጥ፤ ምክንያቱም ካርታ አጥንቶ የሚመጣ መኪና ትናንት የነበረውን ከተማ ነው የሚያውቀው። በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ መንገዶች ምን ያህል እንደተለወጡ ታውቃላችሁ፤ የዓምናውን ካርታ አምኖ የሚሄድ ኮምፒዩተር እዚያ ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልገኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨርቅ የለበሱ፣ በክር የሚሳቡ አሻንጉሊቶች ይኑሩ፤ መቼና ከየት እንደሚሻገሩ ዳኛው በዳይ ይወስን። አሻንጉሊት የነካች መኪና ፍጥነቷ ምንም ይሁን ምን ከዙሩ ትውጣ።

እዚህ ላይ ብልኅ ተማሪ ወዲያው ቀዳዳውን ያገኛል። «እንዲህ ከሆነማ ከመነሻው የማትንቀሳቀስ መኪና ታሸንፋለች» ይላል። ልክ ነው፤ የርእሳችን ከባዱም፣ ጣፋጩም ክፍል ይኸው ነው። በ2010 ፒተር ትራውትማንና አንድሪያስ ክራውዘ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕዝብ መካከል የምትሄድ ሮቦት የእያንዳንዱን ሰው እንቅስቃሴ ለየብቻ እየተነበየች ጥንቃቄ ከጨመረች፣ የሰዎቹ ብዛት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ምንም መንገድ ደኅና መስሎ ስለማይታያት ደርቃ እንደምትቀር አሳዩ። መፍትሔው ዳሳሽ መጨመር ብቻ እንዳልሆነም ጻፉ። ሮቦቷ ሰዎችም ለእርሷ መንገድ እንደሚለቁ፣ መሻገር የሁለት ወገን ስምምነት እንደሆነ ማሰብ አለባት። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የእኚያ እናት መዳፍ ነው። መዳፉ «ቁም» ብቻ አይልም፤ «አይቼሃለሁ፣ አየኸኝ?» ይላል። ሾፌሩ ትንሽ ሲቀንስ «አየሁሽ» አለ ማለት ነው። የታክሲ ረዳቱ በመስኮት የሚያወጣት እጅም እንዲሁ ንግግር ናት። ይህን ንግግር መሪና ፍሬን ብቻ ላላት ትንሽ መኪና ማስተማር፣ ለምሳሌ ከመድረሷ በፊት በግልጽ ፍጥነት በመቀነስ ሐሳቧን እንድታሳውቅ ማድረግ፣ ለመመረቂያ ሥራ የሚበቃ፣ ምናልባትም የሚተርፍ ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥናት ከደምበል የተሻለ ቤተ ሙከራ የትም አገር ያለ አይመስለኝም፤ ኪራይም አይጠየቅበትም።

ሁለተኛው ሐሳቤ ስለ መረጃ ነው። መኪና በካሜራ ማየት የምትማረው ሰዎች በእጃቸው ምልክት ካደረጉባቸው ብዙ ሺህ ምስሎች ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚያወርዱት የ2012ቱ «ኪቲ» የተሰበሰበው በጀርመኗ ካርልስሩህ ነው። የ2016ቱ «ሲቲስኬፕስ» 50 ከተሞችን ይይዛል፤ እነርሱም በአብዛኛው የጀርመን ናቸው። በእነዚህ ላይ የተማረች መኪና ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስን ምን ብላ ትጠራለች? አህያንስ? በነጠላ የተሸፈነን ሰውስ? አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ጾታን ከፊት ምስል የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ እንደነበር አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ መኪና አይደለም፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፤ ማሽን ያላየውን አያውቅም።

ሕንዶች ለዚህ ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። የሃይደራባዱ የመረጃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በሃይደራባድና በባንጋሎር መንገዶች ላይ 10 ሺህ ገደማ ምስሎች ሰብስበው ምልክት አደረጉባቸው። የአውሮፓውያን ዝርዝር ውስጥ ያልነበሩ ስሞችም ጨመሩበት፤ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ እንስሳ፣ እንዲሁም መንገድ ባይሆንም መኪና ሊሄድበት የሚችል የመንገድ ዳር መሬት። የመጨረሻው በተለይ ደስ ይለኛል፤ የአገሩን አነዳድ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያስበው ስም ነውና። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ላይዳር የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ በጉምሩክም ሊዘገይ ይችላል። ምስል መሰብሰብና ምልክት ማድረግ ግን ስልክ፣ ትዕግሥትና የሰው ፊትና የታርጋ ቁጥር የመሸፈን ኃላፊነት ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ በውድድራችን ውስጥ መኪና ለሌለው ቡድን አንድ ምድብ እንዲከፈት ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሁሉ የተሻለ የአዲስ አበባ መንገድ የምስል ስብስብ ያዘጋጀ ቡድን ከፈጣኗ መኪና እኩል ይሸለም። መኪና ገዝቶ መገጣጠም የማይችል ዩኒቨርሲቲም በዚህ ይገባል።

በገንዘብ በኩል «ይህ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ዘወትር ይቀርባል። በሙሉ አልቃወመውም። አንድ የውጭ መገጣጠሚያ ዕቃ ገዝቶ፣ በመስታወት ሣጥን አስቀምጦ፣ ለእንግዳ ማሳያ ማድረግ ከቅንጦትም የባሰ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሪፖርቱ እንዳሰፈረው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት የሚሞቱትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እግረኛን የሚያይ ሶፍትዌር ለእኛ ቅንጦት ነው፣ እግረኛ ለማይበዛበት አገር ግን ተገቢ ነው የሚለውን ክርክር ለመቀበል እቸገራለሁ።

አንድ ያልተቋጨ ነገር ትቼላችሁ ላብቃ። ቀደም ሲል ያነሣሁት የነጥብ ሠንጠረዥ ገና ባዶ ነው። አሻንጉሊት የነካች መኪና ትወጣለች ብለናል። ያለ ምክንያት ለቆመች መኪናስ በየሰከንዱ ምን ያህል ነጥብ ይቀነስ? ብዙ ከቀነስን ልጆቹ ደፋር መኪና ይሠራሉ፤ ጥቂት ከቀነስን ፈሪ። ያለ ምክንያት ቆመች የሚለውስ ማን ነው፤ ዳኛው ነው ወይስ የመኪናዋ የራሷ መዝገብ? እኔ የመኪናዋ መዝገብ ለሁሉም ተገልጦ እንዲታይ እመርጣለሁ፤ አንድ ባልደረባዬ ግን ይህ ተማሪውን ማሸማቀቅ ነው ብለው አጥብቀው ይከራከሩኛል፤ እዚሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዲህ ማይክሮፎኑን መጀመሪያ ለእርሳቸው እሰጣለሁ፤ ከዚያ ለተማሪዎቹ።